የተነፈገ እንባ

የአገሬ ሰው ስለ ሞተ ሰው ክፉ ሊያወራ ሲል አስቀድሞ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይላል። ከዚያ አፉን ሞልቶ ይወቅሳል። እኔ ግን ያችን ማስተሰረያ አልፈልጋትም። ያድርገኝ! ቴዎፍሎስን በቁሙ ልወቅሰው አልቻልኩም። ትልቅ ዳይሬክተር ነበር፤ የሚኖረው አዲስ አበባ፣ የሚታየው በቴሌቪዥን። አሁን ሞቶ፣ ፎቶው በጥቁር ሪባን ተከቦ፣ እኔው ያለሁበት ፍኖተ ሰላም ድረስ መጣልኝ። ታዲያ እንዴት ብዬ ልለፈው?

ከተማዋ በሞት የተለዩ የፊልምና የቴሌቪዥን ተዋንያንና አዘጋጆችን በአንድ ቀን ልትዘክር ነው። የወጣቶች የቲያትር ክበብ ያዘጋጀው ነው። እኔ ያምሮት፣ የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ መምህርቷ፣ መድረክ መሪ ልሁን ብዬ እጄን ሳወጣ ሁሉም አጨበጨቡልኝ። ለጥበብ ያለኝ ፍቅር ገፋፍቶኝ መሰላቸው። እኔ የፈለግኩት ማይክሮፎኑን ነበር።

ቴዎፍሎስ ያደረገውን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ያኔ እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። ቴዎፍሎስ ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ካለው መንደራችን ማዶ ፊልም ሊቀርጽ መጣ። ዋናው ተዋናይ ባምላኩ ነበር፤ የእናቴ ልጅ፣ ወንድሜ። አባታችን ስለሚለያይ የአባት ስማችን አይገናኝም፣ ልባችን ግን አንድ ነበር። በፊልሙ ላይ ባምላኩ ይሞትና በቃሬዛ ወደ አገሩ ይመጣል። ለዚያ ለቅሶ የመንደሩ ሴቶች ተሰበሰቡ። በእኛ አገር ግን ለሚተነፍስ ሰው አይለቀስም፤ ሟርት ነው። ሴቶቹ ወፍ እንደሚጠብቅ ሰው እሪ እሪ አሉ እንጂ አላለቀሱም። ቴዎፍሎስ ተናደደ።

እንግዲህ ያን ጊዜ ከቡሬ እስከ ማንኩሳ አንዲት አልቃሽ ነበረች። እሷ ያልገባችበት ለቅሶ ለቅሶ አይባልም፤ ሙሾ ስታወርድ ሟቹን የማያውቅ መንገደኛ እንኳ ጭነቱን አውርዶ ያለቅስ ነበር። እሷም እናቴ ናት፣ ዓባይነሽ። ቴዎፍሎስ ባምላኩን «እናትህን አምጣልኝ» ቢለው «እናቴ በቁሜ አታለቅስልኝም» አለው። ቴዎፍሎስም «እሺ» ብሎ ዝም አለ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጎረቤታችንን አያ ስመኘውን ጠርቶ «ባምላኩን መኪና ገጭቶ ገደለው፤ ለእናቱ አርዱ» አላቸው። ሽማግሌው አምነው፣ እያለቀሱ መጡልን። ለወንድሜ ደግሞ «እናትህን አስረድተናታል፣ ተስማምታለች። ካሜራው እስኪቆም እንዳትነቃነቅ» ብሎት ነበር።

እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ደረቷን እየመታች ወንዙን ተሻገረች። እኔም እየጮህኩ ከኋላዋ ሮጥኩ። ያ አገር የሚያውቀው፣ በየቴሌቪዥኑ የታየው ሙሾ የወጣው ያን ጊዜ ነው።

«በእግሩ ይመጣል ብዬ ደጄን ጠርጌለት፣
በሰው ትከሻ መጣ ምን አልጋ ላንጥፍለት።»

ከዚያ ወንድሜ ከቃሬዛው ላይ ብድግ አለ።

እናንተ ሮጣ ያቀፈችው ይመስላችኋል። አላቀፈችውም። ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ሄደች። የልጇን እርም አውጥታ ነበር፤ እርም ደግሞ አንዴ ከወጣ ወጣ ነው። ከዚያ ቀን ወዲያ ዐይኑን እያየች አላጎረሰችውም። ማንም ሰው ሞተ ቢሏት ለቅሶ ቤት ገብታ አፏን አልከፈተችም። በኋላ ባምላኩ ኩላሊቱን ታሞ እውነተኛው ሞት ሲመጣ፣ እናቴ የልጇ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ደረቅ ዐይኗን ይዛ ቆመች። ሰዉ «ምን ዓይነት እናት ናት?» ብሎ ተንሾካሾከ። ቴዎፍሎስ ግን ጥቁር መነጽሩን አውልቆ ለቴሌቪዥን ካሜራ አለቀሰ! ያቺን አልቃሽ ከየት አገኛት ብለው በየቃለ መጠይቁ ሲጠይቁትም «ገበሬ ናት፣ እኔ ነኝ ያሠለጠንኳት» ይል ነበር።

እንግዲህ ይህን ሰው ነው ሻማ አብርተን ልንዘክረው የተሰበሰብነው።

*

የቴዎፍሎስ ልጅ ምሥጋና ከአዲስ አበባ የመጣው የመታሰቢያውን ፊልም ሊያቀናብር ነው። ስሙን ስሰማ ጥርሴን ነከስኩ። አፍንጫውን የነፋ፣ «በአባቴ ጊዜ» እያለ የሚያወራ ጎረምሳ ጠብቄ ነበር፤ ለእሱ የሚሆን ምላስም ስዬ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ስገባ ግን መሰላል ላይ ቆሞ ፎቶ የሚሰቅል፣ እጅጌውን የጠቀለለ ሰው ዞር ብሎ አየኝና «እህቴ፣ ይሄ ጋሽ ባዬ ተጣመብኝ እንዴ?» አለኝ።

ጋሽ ባዬ የሞቱት ኮሜዲያን ናቸው። ፎቶው አልተጣመም ነበር፤ ሰውየው ናቸው ሲስቁ አንገታቸውን የሚያጣምሙት። ነገርኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ወዲያው ራሴን ረገምኩ።

«አባትህን መሀል ላይ አትሰቅለውም?» አልኩት፣ እሾህ አድርጌ።

«መሀሉ ሰው ላሳቀ ይሁን» አለ። «አባቴ ዳር ይበቃዋል። በሕይወቱ መሀል መሀሉን ጠግቦታል።»

እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቅኩም። በቀጣዮቹ ቀናት እኔ የየሟቹን ታሪክ ስጽፍ እሱ ከየድራማው ቁራጭ ትዕይንት ሲመርጥ፣ ጎን ለጎን መቀመጥ መጣ። በቴሌቪዥን ድራማ ላይ የስንቱን ልጅ ያሳደገችው፣ የራሷን ግን ሳትወልድ ያለፈችው ውዳሴ ስታለቅስ እሱ ስክሪኑን ሳይሆን እኔን ያያል። ቀና ስል ዐይኑን ይሰብራል። ማታ ማታ ከተማው ዳር ድረስ ይሸኘኛል፤ መንገድ ዳር የተጠበሰ የበቆሎ እሸት ገዝተን፣ እሱ ጫፍ ጫፉን ለእኔ እየተወልኝ እንሄዳለን። አንድ ቀን ከኮሌታዬ ላይ የበቆሎ ጸጉር አነሣልኝና እጁን ቶሎ አልመለሰም። እኔም «መልስ» አላልኩትም።

ቤቴ ገብቼ የወንድሜን ፎቶ አዞርኩት። ፊቱን ማየት አቃተኝ።

*

የቡሬው ልጅ አምላኩ፣ ስሙ ከወንድሜ ስም የሚቀራረበው የቴሌቪዥን ድራማ አዘጋጅ፣ ጥሩ ፎቶው ያለው እህቱ ጋ ነው ስለተባለ ሁለታችን በሚኒባስ ወደ ቡሬ ሄድን። ፎቶውን ተቀብለን ስንወጣ መንደሩ ሁሉ በርበሬ አስጥቶ ነበር። ምሥጋና ማስነጠስ ጀመረ፣ ዐይኑ እንባ በእንባ ሆነ። በመሀረቤ ጠረግኩለት።

«ያምሮት» አለኝ፣ መሀረቡን ከነእጄ ይዞ። «ፕሮግራሙ ሲያልቅ አልሄድም። አዲስ አበባ የሚጠብቀኝ ነገር የለም። እዚህ ግን አለ።»

ልቤ ደነገጠ። ደስታም ነበረበት፤ ከደስታው ሥር ግን ወንድሜ ቃሬዛው ላይ ብድግ ይል ነበር። ከዚህ በላይ ልደብቀው አልቻልኩም።

«በአባትህ ፊልም ላይ የምታለቅሰዋን ሴት ታውቃታለህ?»

«እሷን የማያውቅ አለ እንዴ! አባቴ እኮ ነው ያሠለ—»

«እናቴ ናት።»

መጀመሪያ ፊቱ በራ። «እየቀለድሽ ነው! ምን ሆነሽ ነው ሳትነግሪኝ? መድረክ ላይ እንጠራታለን፣ እንሸልማታለን እንጂ!»

የዋህነቱ አቃጠለኝ። እዚያው በርበሬው መሀል ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት፤ መርዶውን፣ ወንዙን፣ ወንድሜ ሲነሣ እናቴ ወደ ኋላ መሄዷን፣ ደረቅ ዐይኗን። እያወራሁ የፊቱ መብራት ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ሲጠፋ ማየቱ አልከፋኝም። የአባቱ ልጅ ነው፤ ትንሽ ይቅመስ አልኩ።

«የዚያ ቀን ጥሬ ቅጂ አባቴ ሃርድ ዲስክ ላይ አለ» አለ በመጨረሻ። «ሙሉውን አይቼው አላውቅም።»

«እየው። አይተህም እንዳለ አሳየው። ሰዉ ሁሉ ፊልሙ ከተቆረጠበት በኋላ የሆነውን ይይ።»

«እናቴ እኮ ፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ ያምሮት። ባሏን ከቀበረች ገና ዓመቷ ነው።»

«የእኔም እናት ልጇን ቀብራለች። ለዚያውም ሳታለቅስ።»

እየፈራ ጠየቀኝ። «ከመጀመሪያው አውቀሽ ነው? የቀረብሽኝ ለዚህ ነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ያ ሁሉ . . . ፍቅሩስ?»

«እሱ ሳልጠራው ነው የመጣው» አልኩት። «ሂድ ብለውም አልሄደልኝም።»

በሚኒባሱ ስንመለስ እሱ ከሹፌሩ ኋላ፣ እኔ ከመጨረሻው ወንበር ተቀመጥን። መንገዱን ሁሉ ማጅራቱን ሳየው ዋልኩ። አንዴ ዞር ቢልልኝ ሁሉንም እተወው ነበር፤ አልዞረም።

*

ከዚያ ወዲያ ስልኩን አላነሣም። አዳራሹም አልመጣም፤ ማረፊያው ዘግቶ ይሠራል አሉኝ። የፕሮግራሙ ወረቀት በየግድግዳው ሲለጠፍ ቆሜ አነበብኩት። ከሁሉ በላይ በትልቁ «የዳይሬክተር ቴዎፍሎስ ድንቅ የለቅሶ ትዕይንት» ይላል። ደሜ ፈላ። «የዛፉ ፍሬ ከዛፉ ሥር ነው የሚወድቀው» አልኩ ለራሴ፤ አሁንም ሊያስጨበጭቡባት ነው! ያችኑ ዕለት ማንኩሳ ወርጄ እናቴ ዘንድ በእግሬ ገባሁ።

እናቴ ጓሮ ተቀምጣ በርበሬ ትቀነጥስ ነበር። ሁሉንም ስነግራት ቀና አላለችም።

«ማይክሮፎኑ በእጄ ነው፣ እማ» አልኳት። «እነግራቸዋለሁ። መቃብሩ ድረስ አዋርደዋለሁ።»

«አንች ብትነግሪያቸው 'ለወንድሟ ተቆርቁራ ነው' ይሉሻል፤ በማግስቱ ይረሱታል» አለች። «ልጁን ትወጅዋለሽ?»

ከየት አወቀች? ዐይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። «እወደዋለሁ።»

«አባቱን ይመስላል?»

«አይመስልም ብዬ ነበር። አሁን እንጃ።»

በርበሬዋን ቀነጠሰች፣ ቀነጠሰች። ከዚያ በለሆሳስ እንዲህ አለችኝ፦ «አልቃሽ አንዴ ለቅሶ ከገባች፣ እዚያ ወገኑ የቆመለትን ሙት ሁሉ በየስሙ ታነሣለች። ወገኑ ቆሞ እያየ አንዱን ሙት የዘለለች እንደሁ፣ ያን ሙት ሁለተኛ ገደለችው ማለት ነው። ወገኑ እስከ ልጅ ልጅ አይምራትም። እኔ ዘልዬ አላውቅም። ያባቴን ገዳይ እንኳ አልዘለልሁም፤ እናቱ ቆማ ታየኝ ነበርና አለቀስሁለት።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ነጠላዬን እጠቢልኝ» አለች።

ገብቶኝ ሰቀጠጠኝ። እኔ በቃል ልበቀል ነበር ያሰብኩት። እናቴ የምታውቀው በቀል የእኔን በልጅነቱ አስቀረው። ነጠላዋን ሳጥብ ውስጤ ደስታም ፍርሃትም ነበር፣ ሁለቱን መለየት አልቻልኩም።

*

ዕለቱ እሑድ ከሰዓት ነው። አዳራሹ ጢም ብሏል። በግድግዳው ላይ የሟቾቹ ፎቶ ተደርድሯል፤ በእያንዳንዱ ፎቶ ሥር ሻማ፣ ከሻማው አጠገብ ደግሞ የሟቹ ወገን ቆሟል። ከአምላኩ ፎቶ አጠገብ የቡሬዋ እህቱ ነበረች። ከቴዎፍሎስ ፎቶ አጠገብ ሚስቱ ወይዘሮ ዮርዳኖስ፣ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ። ከዳር ደግሞ የወንድሜ የባምላኩ ፎቶ ተሰቅሎ አገኘሁት። እኔ አልሰቀልኩትም። ማን እንደሰቀለው ሳውቅ ዐይኔ ፈለገው፤ ምሥጋና ከፕሮጀክተሩ ኋላ ተቀምጧል፣ ፊቱ እንቅልፍ እንዳጣ ሰው ገርጥቷል። አየኝ። ዐይኑ ለመቆጣት የማይመች ዐይን ነበር፤ እኔ ግን ተቆጥቼ ዞርኩ።

እናቴ ከአያ ስመኘው ጋር ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ማንም አላወቃትም።

የየሟቹን ታሪክ አነበብኩ። ስለ ጋሽ ባዬ ሲነገር ሰዉ እያለቀሰ ሳቀ። በመጨረሻ መብራቱ ጠፋና ያ ትዕይንት መጣ። እናቴ፣ ያኔ ገና ጠጉሯ ያልሸበተው እናቴ፣ ወንዙን ስትሻገር። ሙሾዋ አዳራሹን ሞላው። ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠቀጠቁ። እጄ ማይክሮፎኑን ጨበጠው፤ ትዕይንቱ ሲቆረጥ ልናገር ነው።

ትዕይንቱ አልተቆረጠም።

ፊልሙ ሁልጊዜ የሚያበቃበት ቦታ አለፈ። ወንድሜ ከቃሬዛው ላይ ብድግ አለ። «እማ! እማ፣ እኔ ነኝ፣ አለሁ!» ሲል ድምፁ ተሰማ። እናቴ ወደ ኋላ ስትሄድ፣ ስትሄድ፣ «አንተ ማነህ? ወግድ! ልጄን አለቀስሁት እኮ!» ስትል ተሰማ። ከካሜራው ኋላ አንድ ወንድ ከልቡ ሳቀ። ያን ሳቅ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል።

«ቁረጥ! አያችሁ? እንባ እንዲህ ነው የሚገኘው! ሞተ ባላስብላት ኖሮ ይቺን አገኛት ነበር?»

ከዚያ ጭብጨባ። የቀረጻው ሠራተኞች እናቴ ፊት አጨበጨቡ።

«ምሥጋና!» ብላ ወይዘሮ ዮርዳኖስ ጮኸች። «አጥፋው! ልጄ፣ አባትህ ነው፣ አጥፋው!»

አላጠፋውም። እስከ መጨረሻው ለቀቀው። መብራት ሲበራ ተነሥቶ ቆመ።

«አባቴ ነው» አለ፣ ያለ ማይክሮፎን። «እማማ ዓባይነሽን አላሠለጠናትም። አታሏት ነው። ይህን ልነግራችሁ ነው የመጣሁት።»

ስንት ጊዜ የደገምኩት ንግግር ከአፌ ጠፋ። በቀሌን ከእጄ ወስዶ፣ የገዛ አባቱን በገዛ እጁ አዋርዶ ሰጠኝ። ወረቀቱ ላይ በትልቁ የታተመው ለዚህ ኖሯል፤ ያ ሁሉ ዝምታም እዚህ ለመድረስ ሲታገል ኖሯል። እኔ ደግሞ ስሰድበው ሰነበትኩ። ሮጬ ልይዘው ፈለግኩ። ያኔ ነው ከኋላ እናቴ የተነሣችው።

ነጠላዋን አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረችው። ያን ሲያዩ ትልልቆቹ ሴቶች «ዓባይነሽ! ዓባይነሽ ናት!» ብለው ተቀባበሉት። ሕዝቡ መንገድ ከፈተላት። ከእነዚያ ሁሉ ዓመታት በኋላ ድምፅ ይኖራት ይሆን ብዬ ፈራሁ። ከጋሽ ባዬ ፎቶ ፊት ቆመች።

«አገሩን ሲያስቅ ኖሮ አፉ ተዘጋበት፣
እኔስ ጥርሴን ምን ላርገው ሳቁ ከሄደበት።»

ድምፅዋ ሻክሯል፤ አለ ግን! የጋሽ ባዬ ልጆች ተንሰቀሰቁ፣ ሰዉ እየሄደ ከአጠገባቸው ቆመ። ወደ ውዳሴ አለፈች።

«የሰው ልጅ ስታሳድግ በየቴሌቪዥኑ፣
የራሷ ሳይወለድ ጨለመባት ቀኑ።»

ወደ አምላኩም ሄደች፣ በቃሉ ተዋናዩን ሁሉ ሲያስነሣና ሲያስቀምጥ ወደኖረው።

«ተነሥ ተቀመጥ ሲል ሰው ሁሉ ሲሰማው፣
ዛሬ ተነሥ ሲሉት ምነው ጆሮ አነሰው።»

የቡሬዋ እህት መሬት ላይ ተቀመጠች። ከዚያ እናቴ ወደ ዳሩ፣ ወደ ልጇ ፎቶ ዞረች። እጇን ዘርግታ ጉንጩን፣ የመስታወቱን ጉንጭ፣ ዳሰሰችው።

«በውሸቱ ሞትህ እንባዬን ጨርሼ፣
ከቀብርህ መጣሁኝ ሳላለቅስ ተመልሼ።»

እንባዋ ወረደ። ደርቆ የኖረው ዐይን ተከፈተ፤ በጉንጯ ላይ ሳይሆን በእኔ ላይ የወረደ መሰለኝ። «ልጄ፣ ልጄ፣ ልጄዋ!» ብላ ደረቷን ስትመታ አዳራሹ አንድ ላይ ጮኸ። እኔም መድረኩን ትቼ ወርጄ እግሯ ሥር ተደፋሁ። ወንድሜ ያን ቀን ተቀበረ።

የቀረው አንድ ፎቶ ነው።

ወይዘሮ ዮርዳኖስ የጎጃም ልጅ አይደለችም፤ ያየችው ግን በቂ ነው። ሁሉም ሙት ተጠርቷል፣ ተራው የባሏ ነው። ሻሿን አስተካክላ፣ ቀና ብላ ጠበቀች። ምሥጋናም ሄዶ ከእናቱ ጎን ቆመ። አባቱን አሁን ያዋረደው ልጅ፣ የአባቱን ስም ሊሰማ እንደ ሕፃን ዐይኑን አንከራተተ።

እናቴ ከቴዎፍሎስ ፎቶ ፊት ደረሰች። አየችው። ከዚያ ነጠላዋን ከወገቧ ፈታች።

አልቃሽ ነጠላዋን ከፈታች ለቅሶው አበቃ ማለት ነው። አያ ስመኘው በርከክ እያሉ ተጠጓት።

«እሜቴ ዓባይነሽ፣ አንድ ሙት ቀርቶዎታል።»

«አልቀረኝም፣ አያ ስመኘው።»

«የሰው ሙት ነው። ልጁስ እውነቱን አውጥቶ የለም? ስለሱ ብለው ይማሩት።»

«ልጁን ማርሁት» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ። «መድኃኔዓለም ያውቃል፣ ማርሁት። ላባቱ የሚሆን እንባ ግን የለኝም። ድርሻውን ያኔ በልጄ ቃሬዛ ላይ በልቶታል።»

ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ጀርባዋን ሰጠችው። ትልልቆቹ ሴቶች ተከተሏት። ቀጥሎ ወንዶቹ። ለጋሽ ባዬ፣ ለውዳሴ፣ ለአምላኩ፣ ለወንድሜ ሲያለቅስ የዋለው ሕዝብ ከቴዎፍሎስ ፎቶ ፊት አንድም ሳይቆም ወደ በሩ ጎረፈ። ወይዘሮ ዮርዳኖስ ከደረቷ ውስጥ የሆነ ድምፅ አወጣችና በዘመዶቿ ተደግፋ ወጣች።

ደስ አለኝ። አልዋሽም። ከአጥንቴ ድረስ ደስ አለኝ። ከተመኘሁትም በልጦ ሆነልኝ።

ከዚያ ምሥጋናን አየሁት። ብቻውን ቀርቷል። የአባቱ ሻማ ከፊቱ ይነዳል፤ አጠገቡ የሚቆም ሰው የለም። የሚያለቅስለት ያጣ ሰው እንደምንም ራሱ ሊያለቅስ ይሞክራል፣ እንባው እንኳ እሺ አላለውም። ከቡሬ ስንመለስ ያላየሁትን ፊት አሁን አየሁት። ከዚህ በፊት እወደዋለሁ ስል የነበረው ጨዋታ ኖሯል።

እግሬ ተነሣ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ኖሮ ጠራችኝ።

«ወዴት ነው?»

«ከጎኑ ልቆም።»

አያ ስመኘው ዐይናቸውን ጨፈኑ። እናቴ እኔን አየች፣ ልጁን አየች፣ ፎቶውን አየች። ፊቷ ላይ ምሕረት ፈለግኩ፤ ለፎቶው አልነበራትም።

«ቁሚለት» አለችኝ። «እንባሽን ግን እንዳትሰጭ።»

በሩ ላይ የቀረው ሕዝብ እያየኝ አዳራሹን አቋርጬ ከምሥጋና ጎን ቆምኩ። ወደ እኔ አልዞረም።

«ለእሱ ብለሽ ነው?» አለኝ፣ በሚያቃስት ድምፅ።

«አይደለም። እሱን አሁንም እጠላዋለሁ።»

«እኔም ዛሬ እጠላዋለሁ» አለ። «ግን አባቴ ነው፣ ያምሮት። አባቴ ነው።»

ያኔ እንባው መጣለት። እጁን ያዝኩት፤ እንባው በጣቶቼ መሀል ወረደ። ዐይኔ ነደደ፣ ምሥጋናን አቅፌ አብሬው ልንሰቀሰቅ ሰውነቴ ሁሉ ለመነኝ። ጥርሴን ነከስኩ። የምወደውን ሰው እጅ እስኪያመው ድረስ ጨብጬ፣ ለአባቱ አንዲት ጠብታ ሳልሰጥ፣ ሻማው ፊት ቀጥ ብዬ ቆምኩ።